ቢራ ፍለጋ ከሂርና እስከ ሚኤሶ

ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነበር። ከጎጃም አሰበ ተፈሪ ተመድቦ መጥቶ፣ ዝውውር እስኪያገኝ ድረስ ብሎ ተቀምጦ፣ እኔን አገባና ቀረ። ከተጋባን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድምፁ ተዘጋ። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ዝንጅብል እያፈላሁ ሳጠጣው ከረምኩ። ሲብስበት ሆስፒታል ሄድን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ላኩን። ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ነገር የሚገድል አይደለም፣ ድምፁ ግን አይመለስም ብሎ አሰናበተን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባለቤቴ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ጎን ለጎን ከተቀመጥን ይሰማኛል፤ ከበር ላይ ሆኖ ሲጠራኝ ግን አይሰማኝም።

በሹክሹክታ ማስተማር አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጡት። እዚያ ብዙም የሚመጣ ተማሪ ስለሌለ አቧራ ሲያራግፍ ይውል ነበር። በኋላ ወደ ወረዳው ንብረት ክፍል አዛወሩት። እዚያ ደግሞ እሱ በተናገረ ቁጥር አለቃው «ምን አልክ? ጮክ በል» ይለዋል፣ ሠራተኛው ይስቃል። አንድ ቀን ሳይመሽ ቤት ገባና ሥራ መልቀቁን ነገረኝ። እኔም አልተቆጣሁትም።

ቢራ የማከፋፈሉን ነገር ያሰበው እሱ ነው። በአሰበ ተፈሪ ከገበያው በላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ ትንንሽ ግሮሰሪዎች አሉ። አብዛኞቹን የያዙት ሴቶች ናቸው። የቢራው ወኪል መኪና ግን የሚያራግፈው በዋናው መንገድ ዳር ላሉት ሆቴሎች ብቻ ነበር። ሴቶቹ አንድ ሁለት ሳጥን ለማግኘት ቤታቸውን ዘግተው፣ ተሸካሚ ይዘው እስከ መጋዘኑ ይወርዳሉ። እኛ በጅምላ እያነሳን በየደጃቸው ብናደርስላቸውስ አለኝ። የእጅ ጋሪ አሠራ። ሴቶቹን አነጋገርናቸው፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ያላለቀው ቢራውን ማግኘት ነው። በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ ከዚያ በፊትም በኋላም በነበሩት ዓመታት፣ ቢራ እንደልብ አይገኝም ነበር። መኪናው መጣ ሲባል መጋዘኑ ደጅ ላይ ሰው ይተራመሳል፣ ሁሉም ይጮኻል፣ የጮኸ ያገኛል። ባለቤቴ ሄዶ በዚያ ጫጫታ መሃል አንሾካሸከ። ማንም አልሰማውም። ባዶ ጋሪውን እየገፋ ተመለሰ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ተያየን፤ ሁለታችንም ምን እንደምናስብ አውቀናል። እኔ ጥሩ ድምፅ ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘማሪ ነበርኩ።

አባቴ የወባ መከላከል ሠራተኛ ሆኖ ነው ከከምባታ ወደ ሚኤሶ የመጣው። መድኃኒት መርጫውን አዝሎ በየቆላው ሲዞር ኦሮምኛ ለመደ፤ አሰበ ተፈሪ ሲዛወር ጌታን ተቀበለ። ጡረታ በወጣበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። በእኛ ቤት እንኳን ቢራ፣ ጠላም አይገባም። ቢራ ለማምጣት መጋዘን የምቆመው እኔ መሆኔን ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ዶሮዎቹን እያስገባ ነበር። እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

«ትጠጫለሽ?» አለኝ።

«አልጠጣም፣ አባዬ።»

«እሱስ?»

«እሱም አይጠጣም።»

«እንግዲህ ለሰው ነው» አለና የዶሮዎቹን በር ዘጋ።

ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ቤት እህል አልቀመሰም። እንደ ድሮው እየመጣ ይጠይቀናል፣ ይጸልይልናል፣ ያቀረብኩለትን ምግብ ባርኮ ለእኛ ይተወዋል። ውሃ ብቻ ይጠጣል። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ጠርተውኝ ለጊዜው ከመዘምራን ዕረፍት እንዳደርግ በፍቅር ነገሩኝ። አባቴም ከመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። ጣቶቹን እያየ ነበር፤ እኔን አላየኝም።

መጋዘኑ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። የሚያስፈራው «ሂንጅሩ» የሚለው ቃል ነው። መጋዘን ጠባቂው አማርኛ እየቻለ ይህችን በኦሮምኛ ነበር የሚላት፤ «የለም» ማለት ናት። ከኋላው ሳጥኑ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ እየታየ ሂንጅሩ ይላል። ያ የሆቴሎቹ ነው። ሆቴሎቹ ወስደው የተረፈውን ለማግኘት ደግሞ ባዶ ሳጥን ከነጠርሙሱ ይዘህ መቅረብ አለብህ። ባዶ የሌለው ሙሉ አያገኝም። እኛ ደግሞ ገና ጀማሪዎች ነን፣ ባዶውን ከየት እናምጣ? ባለቤቴ የመምህርነት መጻሕፍቱንና ብስክሌቱን ሸጦ፣ ከተዘጉ ቡና ቤቶች ባዶ ሳጥን እየዞረ ገዛ። ጓሯችን በጠርሙስ ተሞላ። ጭቃ የገባባቸውን በአሸዋ እያሻሸ ያጥባል። ሳየው አዝን ነበር፤ ግን ከንብረት ክፍል ይልቅ እዚያ ደህና ይመስል ነበር።

ወኪሉን ራሱን አግኝቼ ተናገርኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ስለ ባለቤቴም፣ ስለ ዳገቱ ሴቶችም፣ ስለ ባዶዎቹም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ልጄ፣ ለእኔም የሚሰጠኝ ኮታ ነው» አሉኝ። «ለአንቺ ስሰጥ ከሆቴሎቹ ላይ መቀነሴ ነው። ሆቴሎቹ ከተቀየሙኝ ደግሞ ውክልናውን እነሱ ይወስዱታል። ሲተርፍ እንጂ ቃል አልገባልሽም።» አንዳንዴ ተረፈ። ብዙ ጊዜ አልተረፈም። ጠዋት ማልዶ መቆም፣ እስከ ምሳ ሰዓት መቆም፣ ከዚያ ሂንጅሩ። ሴቶቹ ደግሞ ቆመው ይጠብቁናል። አንዷ፣ ከሁሉም የማከብራት ባል የሞተባት ሴት፣ ባዶ ጋሪ ስታይ ገብታ ሻይ ትቀዳልኝና በሩ ላይ ወጥታ ትቆማለች።

ስለዚህ ከከተማው ውጭ መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ የሄድኩት ሂርና ነው። መንገድ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ባለቤት ቢራ እንደሚተርፋት ሰምቼ ነበር። በሚኒባስ፣ ጫት ከጫኑ ሴቶች ጋር ተጣብቤ ሄድኩ። እትዬ እያልኩ አጫወትኳት፤ ወደደችኝ፤ ከኮታዋ እንደምታካፍለኝ ነገረችኝ። ሁለት የገበያ ቀን ሰጠችኝ። በሦስተኛው ስሄድ ፊቷ ተለውጧል። የእኛው ወኪል ሰምተው፣ ያንቺ ቢራ እኔ ክልል ውስጥ ምን ይሠራል ብለው አስጠንቅቀዋታል። እያንዳንዱ ወኪል የራሱ አገር አለው፤ የአንዱ ጠርሙስ በሌላው ከተማ መሸጥ የለበትም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባዶዎቼን መልሳ ሰጠችኝና ምሳ ጋበዘችኝ። ሚኒባሶቹ ሳጥን አንጭንም ስላሉ ከነባዶዎቼ መንገድ ዳር እስከ ማታ ቆየሁ።

መኪና ማግኘትም ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ጎረቤታችን አይሱዙ የነበራቸው ሐጂ ናቸው። እህል ወደ ሚኤሶ ያወርዳሉ፣ ሲመለሱ ባዶ ይመጣሉ። አባቴን ከወባው ሥራ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። ሄጄ ለመንኳቸው።

«ሽንኩርት በይኝ፣ ሲሚንቶ በይኝ፣ በነጻ እጭንልሻለሁ» አሉኝ። «ይህን ግን ወላሂ አልችልም። አባትሽም የሚፈቅድ አይመስለኝም።»

እውነታቸውን ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላም በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አልጎደለብኝም።

ሚኤሶ ላይ አንድ ነጋዴ አገኘን። ባቡሩ እየቀረ ሲሄድ ገበያው የቀዘቀዘበት ሰው ነው፤ ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሸጠው ቢራ ይተርፈዋል፣ የማንን ክልል እንደምንነካም አልጠየቀንም። ባዶ ካመጣችሁ ሙሉ ትወስዳላችሁ አለን። በዓል እየቀረበ ነበር። ዳገቱ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቢራ ቢራ ይሉናል። ያለንን ባዶ አንድም ሳናስቀር ሰበሰብን፤ ሴቶቹም የየራሳቸውን ባዶ አምነው ሰጡን። አንድ አይሱዙ ተከራየን። ወጣት ሾፌር ነው፤ ረዳቱ በዓሉን ብሎ አገሩ ሄዶበት ብቻውን ይሠራ ነበር።

ሚኤሶ እንደ እሳት ይግላል። እኔና ባለቤቴ ራሳችን ጫንን። ነጋዴው ቃሉን ጠበቀ። መኪናው ሞልቶ ሳየው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሥራ ከነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ባለቤቴም ሳቀ። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ነው የሚስቀው። ሾፌሩ ገመዱን አሰረ። ዕቃው ላይ ሰው ይሁን ተባለና ባለቤቴ አናቱ ላይ ወጣ፤ እኔ ጋቢና ገባሁ።

ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ጠመዝማዛም ነው። ሾፌሩ ቴፑን ከፍቶታል። የበዓል ዘፈን ነበር። ከበላያችን ኳ ኳ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ሳጥኖቹ እርስ በርስ የሚጋጩ መሰለኝ። ሾፌሩም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም። አንድ ኩርባ አልፈን ሌላውን ስንይዝ ከኋላ አንድ ትልቅ ነገር ሲወርድ ተሰማ። መኪናው ሲቆም ዘልዬ ወጣሁ።

ገመዱ ከላላ ቆይቷል። ባለቤቴ መላላቱን ገና ሲጀምር አይቷል። የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ፣ ተጣራ፤ ግን በሹክሹክታ ማን ይሰማዋል? ሳጥኖቹ መጀመሪያ አንድ በአንድ፣ በኋላ አንድ ላይ ወረዱ። እሱ የቀሩትን በሁለት እጁ አቅፎ ይዟል፤ ክንዱ ደምቷል። አስፋልቱ በሙሉ አረፋ ነው። ቢራው ወደ ቦዩ እየወረደ ነበር። ከማሽላው መሃል ሰዎች መጥተው ቆመው አዩን፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው የመኪና ጎማ እንዳይቆርጥ የጠርሙሱን ስባሪ በቅጠል እየጠረጉ ከመንገድ አወጡልን። አንዲት ሴት ሻሿን አውልቃ የባለቤቴን ክንድ አሰረችለት። አፍንጫዋን ከሽታው እያዞረች ነው ያሰረችው። ሾፌሩ ጎማው አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል።

ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጮህኩ» አለኝ። «ጮህኩ እኮ።»

ለሴቶቹ በዓሉ ያለ ቢራ አለፈ። አምነው የሰጡንን ባዶ ተካንላቸው፤ ለመተካት የወሰደብን ጊዜ ግን ረጅም ነው። ያቺ ባል የሞተባት ሴት የእሷን አልቀበልም አለች። እኔም ካልተቀበልሽ ደጅሽን አልረግጥም አልኳት። ተቀበለች። ለወራት ያለን ሥራ ሳንሸጥ ጠርሙስ መሰብሰብ ብቻ ነበር። እኔ ልብስ አጠብኩ፣ እሱ ለተማሪዎች በየቤታቸው አስጠና። አንድ ልጅ ወይም ሁለት ልጆች ከሆኑ ሹክሹክታው ይበቃቸዋል።

እንደገና ጀመርን። ዛሬ ሳስበው ለምን እንደጀመርን አይገባኝም። ምናልባት ሌላ የምናውቀው ነገር ስላልነበረን ነው። አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ድሮ የነበሩትም ሰፉ፤ ቢራው እየበዛ መጣ። አንድ ቀን መጋዘን ጠባቂው ሳልጠይቀው «ጂራ» አለኝ፤ አለ ማለቱ ነው። ያንን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጓጓሁ! ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ያለ የሌለ ነገራችንን ሰብስበን፣ ዕቁብም ጨምረን፣ አሮጌ የጭነት ባጃጅ ገዛን። ለአንድ ዓመት ያህል እንደ ሰው ሠራን። አባቴ ግን እኛ ቤት ውሃ ብቻ መጠጣቱን አልተወም።

ከዚያ ያ ሁሉ ቢራ ራሱ አጠፋን። ቢራ ሲበዛ ወኪሉ ደንበኛ ይፈልጋል። ወኪሉ አርጅተው ሥራውን ልጃቸው ይዞት ነበር። ትንንሽ መኪና ገዝቶ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ በየግሮሰሪው ማዞር ጀመረ። ማቀዝቀዣ ይሰጣቸዋል፣ ጃንጥላ ይሰጣቸዋል፣ ወንበር ይሰጣቸዋል። ከእኛ የሚወስዱበት ምክንያት ቀረ። አንዳንዶቹ በይሉኝታ አንድ ሳጥን፣ ሁለት ሳጥን ይይዙልን ነበር። ልጁን ሄጄ አነጋገርኩት። አባቱ ወንበር ስበው ያስቀመጡኝን ያህል እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ ቆሞ ነው የሰማኝ። በክፋት አይደለም። «እህቴ፣ አሁን መሃል ላይ ሰው አያስፈልግም» አለኝ።

ሌሎች ከተሞች ሞከርን። በደሳም ሄድኩ፣ መሰላም ሄድኩ። በመሰላ የሚጠጣው ሰው የመንግሥት ሠራተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዝ የሚወጣ ሰሞን ነው። ሂርና ያቺ ሴት ሆቴሏን አከራይታ ሄዳለች። በዚሁ መሃል ፋብሪካው ሳጥኑንና ጠርሙሱን ቀየረ፤ የድሮው እስከተወሰነ ቀን ብቻ ነው የሚለወጠው ተባለ። እኛ የሰማነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ጓሯችን ውስጥ የተደረደረው፣ ባለቤቴ በአሸዋ ያጠበው ሁሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ብቻ ሆነ። ከአዲሱ ዓይነት የነበረን ለአንድ ባጃጅ የሚሆን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው በተቃውሞው ሰሞን የነበረው የመንገድ መዘጋት ነው። ያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። ዛሬ ሱቅ አይከፈትም ይባላል፣ መኪና አይንቀሳቀስም ይባላል፤ በማግሥቱ ይከፈታል፤ ደግሞ ይዘጋል። ለእኛ ቀርቶ ለወኪሉም ቢራ አልመጣም። ከምሥራቅ የተፈናቀሉ ሰዎች ተጭነው ሲመጡ እናያለን፤ በእነሱ ፊት ስለ ቢራ ማሰብ ያሳፍራል።

አባቴ የታመመው በአንዱ የመዘጋት ሳምንት ነው። ሽንቱ ተዘግቶበት ሆዱ ተነፋ። ጠዋት ጎረቤት መጥቶ ጠራን። አምቡላንሱ ሌላ ወረዳ ሄዶ አልተመለሰም፤ አንድም ባጃጅ መንገድ ላይ የለም። ባለቤቴ የእኛን አወጣ። የታመመ ሰው ስላለ ያሳልፉናል አለ። ኋላው ላይ ያሉትን ሳጥኖች ለማውረድ ጊዜ አልነበረንም፤ በመካከላቸው ፍራሽ አነጠፍንና አባቴን አስተኛነው። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። የቢራ ሽታ ከዚያ ባጃጅ አይለቅም።

መሄድ እንደጀመርን ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየ።

«ባዶ ናቸው?» አለኝ።

«ባዶ ናቸው፣ አባዬ። ቢራ ከመጣ ወር አልፎታል።»

«እህ» አለና እጁን አንዱ ሳጥን ላይ አሳረፈ። ባጃጁ ሲያንገጫግጨው ሳጥኑን ይዞ ነው የተደገፈው። ሕመሙ ያሠቃየው ነበር።

መንገዱን የዘጉት ልጆች ድንጋዩን ገፍተው አሳለፉን። ሆስፒታሉ ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን አወጣለት፤ ግን ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ ይሂድ አሉን። መንገዱ ዝግ ነው። በየቀኑ ነገ ይከፈታል ይሉናል። አዲስ የተመደበችው ነርስ፣ ከትግራይ የመጣች ልጅ፣ ስልኳን ይዛ ያልደወለችበት ቦታ የለም። መንገዱ ሲከፈት አባቴ አልነበረም።

ለቀብሩ ብዙ ሰው መጣ። ሐጂም መጥተው ከግቢው ውጭ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሙ። የግሮሰሪዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአንድ ጥግ ተቀመጡ። መዘምራኑ ሲዘምሩ ከመካከላቸው አብዛኞቹን አላውቃቸውም፤ ልጆች ናቸው። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሽማግሌ ቤታችን መጥተው፣ ያ ሥራ እንግዲህ ቆሟል፣ ወደ ዝማሬው ተመለሺ አሉኝ። ሐሳባቸው መልካም ነበር። እሺ አልኳቸው። አንድ ጊዜ ልምምድ ሄድኩ። ድምፄ ይወጣል፤ እኔ ግን አልነበርኩበትም። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ባጃጁን ሸጥን። የድሮዎቹን ጠርሙሶች ዘይትና ጋዝ እየቀዱ የሚሸጡ ሴቶች ጥቂት ጥቂት እያሉ ወሰዱ፤ የቀረው ዛሬም ጓሯችን ውስጥ ነው። ባለቤቴ ብዙ ቦታ ሥራ ጠየቀ። ዕድሜውን ያያሉ፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ እንጠራሃለን ይሉታል። በመጨረሻ ሥራ የሰጠው የወኪሉ ልጅ ነው። መኪናው ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ለዚያ ድምፅ አያስፈልግም።

አሁን ያንኑ ዳገት ይወጣል። የሚያወርደው እኛ ከጋሪው ጀምሮ ላለማመድናቸው ግሮሰሪዎች ነው። ሴቶቹ ያውቁታል፤ መምህር እያሉ ነው የሚጠሩት። ውሃ ይሰጡታል፣ አንዳንዷ ምሳ አቅርባ ታስቀምጠዋለች። ማታ ሲገባ ወገቡን በሞቀ ውሃ አሸዋለሁ። ማንን እንዳየ፣ ማን ሰላም በልልኝ እንዳለ ድሮ ይነግረኝ ነበር። አሁን አይነግረኝም፤ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ አልጠይቀውም።